የሚጸለይባቸው ሥዕሎች፦ በመካከለኛው ዘመን ማብቂያ በጀርመን ገዳማት የተሠሩ የብራና መጻሕፍት

ክቡራትና ክቡራን፣

ንግግሬን በአንዲት ገጽ እጀምራለሁ። ገጿ የምትገኘው በሰሜን ምዕራብ ጀርመን፣ በኦስናብሩክ ሀገረ ስብከት ቤተ መዛግብት በሚጠበቅ አንድ ትልቅ የዜማ መጽሐፍ ውስጥ ነው። መጽሐፉ በ1300 ዓ.ም. ገደማ ከከተማው ብዙም በማይርቀው በሩለ የሴቶች ገዳም የተዘጋጀ ነው፤ እዚህም ሆነ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር። ገጿ የልደት በዓል ቅዳሴ የሚጀመርባት ናት። «ሕፃን ተወልዶልናል» የሚለው የላቲን ዝማሬ የመጀመሪያ ፊደል እንደ ሰፊ መስኮት ተከፍቶ፣ በውስጡ በወርቅ መደብ ላይ የጌታ ልደት ተሥሏል። ከሥሩ ደግሞ የገዳሙ እናቶች ተሰብስበው፣ መጽሐፍ ዘርግተው ይዘምራሉ። ከመካከላቸው በአንዷ አጠገብ በደቃቅ ፊደላት «ጊዝለ» የሚል ስም ተጽፏል።

በመጽሐፉ ላይ የሰፈረ ማስታወሻ ሙሉ ስሟን ይነግረናል፤ ጊዝላ ፎን ከርሰንብሮክ ትባላለች። መጽሐፉን የጻፈችው፣ የዜማ ምልክት ያደረገችለት፣ ገጾቹን የቆጠረችው፣ በወርቅ ፊደላትና በመልካም ሥዕላት ያስጌጠችው እርሷ መሆኗን ማስታወሻው ከመሰከረ በኋላ ነፍሷ በሰላም እንድታርፍ ይለምናል። እንዲህ ያለ ከባድ መጽሐፍ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ያልቃል ብዬ አላምንም፤ ብራናውን የሚያሰምሩ፣ ቀለሙን የሚፈጩ፣ ምናልባትም ፊቶቹን የሚሥሉ እኅቶች ከጎኗ እንደነበሩ ማሰብ ተገቢ ነው። ነገር ግን ገዳሙ መጽሐፉን በእርሷ ስም አስታወሰው።

ጊዝለ በዚያ ሥዕል ውስጥ የተገኘችው ለዝና አይመስለኝም። ልደት በመጣ ቁጥር መጽሐፉ በመዘምራኑ ፊት ይዘረጋል፤ እርሷ በሕይወት ብትኖርም ባትኖርም፣ በቆመችበት ሆና ከእኅቶቿ ጋር ትዘምራለች። ዛሬ ላስረዳችሁ የምሻው ዋና ነገር ይኸው ነው። በመካከለኛው ዘመን ማብቂያ፣ ማለትም ከ1300 እስከ 1520ዎቹ ባለው ጊዜ፣ በጀርመን ገዳማት የተሠራው የብራና ሥዕል የጸሎቱ አካል ነበር፤ ለጸላዩ የት ላይ እንደሚቆም፣ መቼ ድምፁን እንደሚያነሣ፣ ከማን ጋር እንደሚዘምር ያመለክተዋል። ይህን ሳንረዳ ወርቁን ብቻ አድንቀን ካለፍን፣ ከመጽሐፉ ግማሹን ሳናነብ ዘጋነው ማለት ነው።

አሁን ጥቂት ወደ እጅ ሥራው ልውሰዳችሁ። ከሥዕሉ በፊት ቆዳው አለ። የጥጃ፣ የበግ ወይም የፍየል ቆዳ በኖራ ውሃ ለብዙ ቀናት ተዘፍዝፎ ጠጉሩ ይለቅቃል፤ ከዚያም በእንጨት ጣውላ ላይ ተወጥሮ እንደ ጨረቃ በጎበጠ ቢላዋ ይፋቃል፣ እየደረቀ እንደገና ይወጠራል፣ እንደገናም ይፋቃል። በሀገራችን ብራና ሲወጠርና ሲፋቅ ያየ ሰው ይህን ሥራ ቢያየው አይገርመውም፤ የእኛዎቹ ብራና ፋቂዎች ግን በኖራ አይዘፈዝፉም። ጥቁሩ ቀለም የሚገኘው በባሉጥ ዛፍ ላይ ተባይ ሲነክሰው ከሚወጣው ክብ እብጠት ነው፤ እብጠቱ ተወቅጦ ከብረት ጨውና ከዛፍ ሙጫ ጋር ይዋሐዳል። ቀዩ ከሜርኩሪና ከድኝ፣ አረንጓዴው በኮምጣጤ እንፋሎት ከዛገ መዳብ ይወጣል። ለሰማያዊው ሁለት መንገድ ነበር። በመካከለኛው አውሮፓ ተራሮች የሚቆፈረው አዙራይት የተባለ ድንጋይ ቅርብ ነው፤ ላፒስ ላዙሊ ግን ከዛሬዋ አፍጋኒስታን ተነሥቶ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዞ ይመጣልና ዋጋው ከወርቅ ጋር የሚስተካከልበት ጊዜ ነበር።

ስለዚህ ሰማያዊ ድንጋይ አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። በምዕራብ ጀርመን ዳልሃይም በሚባል ስፍራ፣ ከረጅም ጊዜ በፊት በእሳት ከጠፋ አንድ አነስተኛ የሴቶች ገዳም መቃብር የወጣ የአንዲት ሴት አጽም ተመርምሮ ነበር። ሴትዮዋ ከዛሬ 900 ዓመት በላይ በፊት ወይም በዚያ ግድም የኖረች፣ ስትሞትም ከ45 እስከ 60 ዓመት የሚሆናት ነበረች። በ2019 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ጥናት እንዳመለከተው፣ በጥርሶቿ ላይ በተጋገረው ቆሻሻ ውስጥ በርካታ ደቃቅ የላፒስ ላዙሊ ቅንጣቶች ተገኝተዋል። ተመራማሪዎቹ ይሆናል ብለው ያስቀደሙት ማብራሪያ ሴትዮዋ ሠዓሊ ነበረች፣ የብሩሽዋን ጫፍ ለማሾል በከንፈሯ ታረጥበው ነበር የሚል ነው። ዘመኗ ከምንነጋገርበት ዘመን ይቀድማል። ሆኖም ስሟን ያልጻፈች፣ መጽሐፏም ያልተረፈ አንዲት መነኩሲት ሥራዋን በጥርሷ ይዛ መገኘቷ፣ ከጊዝለ በፊትም እንዲህ ያሉ እጆች እንደነበሩ ያስታውሰናል።

ወርቁ ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። ሠዓሊዋ ወርቁ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ከኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ ከቀይ አፈርና ከሙጫ የተለወሰ ሊጥ ትቀባለች፤ ሊጡ ሲደርቅ ከብራናው ላይ በትንሹ ከፍ ብሎ ይቀራል። ከዚያ ጎንበስ ብላ በአፏ ትተነፍስበታለች። የትንፋሿ ሙቀትና እርጥበት ሙጫውን ያነቃዋል፤ በዚያች ቅጽበት ውስጥ ከሽንኩርት ልጣጭ ይልቅ የሳሳውን የወርቅ ቅጠል ታሳርፍበታለች። ሲረጋ በውሻ ጥርስ ወይም በለሰለሰ ድንጋይ እየፈተገች ታበራዋለች። ወርቁ ከብራናው ከፍ ማለቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ገጹ በሻማ ፊት በተንቀሳቀሰ ቁጥር ብርሃኑ በጎበጠው ወርቅ ላይ ይሮጣል። ዛሬ በቤተ መዘክር መስታወት ሥር፣ በማይንቀሳቀስ መብራት ስናየው፣ ይህን እንቅስቃሴ አጥቶ እናገኘዋለን።

በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጀርመን ገዳማት ውስጥ ትልቅ የተሐድሶ ንቅናቄ ተነሣ። የጥንቱ የገዳም ሥርዓት ይመለስ፣ የግል ሀብት ይቅር፣ ጸሎቱ በሰዓቱና በአንድነት ይፈጸም የሚል ነበር። ሥርዓት ሲለወጥ መጽሐፍ መለወጡ አይቀርም፤ ስለዚህ በብዙ ገዳማት ብርዕና ቀለም እንደገና ሥራ በዛባቸው። የኑረንበርጉ የቅድስት ካታሪና ገዳም ጥሩ ምሳሌ ነው። ገዳሙ በ1428 ዓ.ም. ዛሬ የፈረንሳይ ምሥራቃዊ ክፍል ከሆነው ከአልዛስ በመጡ እኅቶች አማካይነት ከታደሰ በኋላ፣ በአንድ ምዕተ ዓመት ውስጥ ቤተ መጻሕፍቱ ከ500 በላይ መጻሕፍት አከማቸ፤ አብዛኞቹ በጀርመንኛ የተጻፉ ስለነበሩ በመካከለኛው ዘመን ከሚታወቁት የጀርመንኛ የብራናና የወረቀት ክምችቶች ትልቁ ይባላል። ኩኒጉንት ኒክላሲን የተባለችው መነኩሲት መጻሕፍቱን መዝግባ፣ በማዕድ ሰዓት የትኛው በየትኛው ቀን እንደሚነበብ ወሰነች። ማርጋሬታ ካርቶይዘሪን ግዙፎቹን የዜማ መጻሕፍት ጻፈች፤ በ1491 ዓ.ም. ያረፈችው ባርባራ ግቪሽትማኸሪን ሥዕል ሣለች። የእነዚህን ሦስት ሴቶች ስም ጮክ ብዬ የምጠራው ሆን ብዬ ነው፤ በዘመኑ ከነበሩት የከተማ ሠዓሊዎች መካከል ስማቸው የተረፈልን ብዙ አይደሉምና።

ልቤ የሚያርፈው ግን ከኑረንበርግ ወደ ሰሜን ርቆ፣ በሉነቡርግ ሜዳ ላይ ባለው በሜዲንገን ገዳም ነው። ሉነቡርግ በጨው ንግድ የከበረች ከተማ ነበረች፤ የጨው ባለጸጎቹ ሴት ልጆቻቸውን ወደ ሜዲንገን ይልኩ ነበር። ልጆቹ ላቲን ይማራሉ፣ ጽሕፈት ይማራሉ፣ ኋላም እያንዳንዷ ለራሷ የሚሆን የጸሎት መጽሐፍ በገዛ እጇ ትጽፋለች። ዛሬ በልዩ ልዩ ሀገሮች ቤተ መጻሕፍት ተበትነው የሚገኙ ከ50 በላይ የሜዲንገን መጻሕፍት ይታወቃሉ። ብዙዎቹ ትናንሾች ናቸው፤ በአንድ እጅ ተይዘው ሊነበቡ፣ በመጎናጸፊያም ሥር ሊሸጎጡ ይችላሉ።

ከእነዚህ አንዱን የትንሣኤ ጸሎት መጽሐፍ ገልጠን እንመልከት። በገጹ መካከል የላቲን ጸሎት በጥቁር ቀለም ተጽፏል፤ የአንቀጾቹ መነሻ ፊደላት ቀይ፣ ሰማያዊና ወርቅ ናቸው። ጸሎቱ እየሄደ ሳለ ቋንቋው በድንገት ይለወጣል፤ በሰሜን ጀርመን ሰዎች በቤታቸውና በገበያ የሚነጋገሩበት የቆላማው ጀርመንኛ ይመጣል፣ ከፊደላቱም በላይ የዜማ ምልክት ይደረደራል። «ክርስቶስ ተነሥቷል» የሚለው ሕዝቡ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው መዝሙር ነው። ዐይናችሁን ወደ ኅዳጉ ስታነሡ ምክንያቱ ይገባችኋል። በኅዳጉ ላይ ሰዎች ተሥለዋል፤ መላእክትና ነቢያት አሉ፣ መነኮሳይት አሉ፣ ተራ የከተማ ልብስ የለበሱ ወንዶችና ሴቶችም አሉ። ከየእጃቸው ወይም ከየአፋቸው እንደ ጥብጣብ የተዘረጋ ጽሑፍ ይወጣል፤ በጥብጣቡ ላይ እያንዳንዱ የሚዘምረው ቃል ሰፍሯል።

የቤተ ክርስቲያኑን አሠራር ስታስቡት ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። መነኮሳይቱ በትንሣኤ ሌሊት ከሕዝቡ ተለይተው በራሳቸው የመዘምራን ስፍራ ይቆማሉ፤ ቄሱ በመንበሩ ላይ ነው፤ ሕዝቡ ከታች ነው። አንዱ ሌላውን ይሰማዋል እንጂ አይቀላቀለውም። የሜዲንገን መነኩሲት ግን በዚያች የእጅ መዳፍ በምታክል ገጽ ላይ ሁሉንም አንድ ቦታ ሰበሰበቻቸው። ካህኑ በላቲን ይጀምራል፣ መዘምራኑ ይቀጥላሉ፣ ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው ይመልሳል፣ መላእክትም በላይኛው ኅዳግ ይቀበላሉ። በዓሉ ካለፈ በኋላ ብቻዋን በክፍሏ ተቀምጣ መጽሐፉን ስትገልጥ፣ ሌሊቱ ሙሉ ድምፁን ይዞ ይመለስላታል። ሥዕሉን ከጽሑፉ ብትለዩት ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ ጽሑፉ ብቻውን ማን እንደሚዘምር አይነግራችሁም፣ ሥዕሉም ብቻውን ምን እንደሚዘመር አይነግራችሁም።

በ1479 ዓ.ም. ተሐድሶው ሜዲንገን ሲደርስ መነኮሳይቱ አሮጌ መጻሕፍታቸውን አልጣሉም። ከአዲሱ ሥርዓት ጋር ያልተስማማውን ቃል ፍቀው በላዩ ጻፉ፤ አንዳንዱን ቅጠል ቆርጠው አወጡ፤ አዲስ ቅጠል ሰፍተው አስገቡ። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ የወጣትነት እጇንና የጎልማሳነት እጇን አንድ ላይ የምናገኝላት ሴት አለች ማለት ነው። ከዚያም አልፈው በከተማ ላሉ እናቶቻቸውና እኅቶቻቸው በቆላማው ጀርመንኛ የጸሎት መጽሐፍ እየጻፉ ይልኩ ነበር። ከገዳሙ ቅጥር መውጣት የማትችል ልጅ ለእናቷ የምትልከው መጽሐፍ ምን ያህል እንደሚከብር መገመት አያዳግትም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ፍርድ በግልጽ መናገር አለብኝ። እነዚህን ሥዕሎች በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያዩ ሊቃውንት ብዙ ጊዜ «የመነኮሳይት ሥራ» እያሉ አልፈዋቸዋል፤ ቃሉ በጀርመንኛ የንቀት ቃና ነበረው። እውነት ነው፤ ፊቶቹ ክብና ተመሳሳይ ናቸው፣ ዐይኖቹ ሁለት ጭረት ናቸው፣ እጆቹ ከሰውነቱ ይበልጣሉ፣ ቤትና ዛፍ በርቀት ሕግ አይታዘዙም። በዚያው ዘመን በሬገንስቡርግ በርትሆልት ፉርትማይር የተባለው ሠዓሊ ለሳልዝቡርግ ሊቀ ጳጳስ የሠራውን መጽሐፈ ቅዳሴ አጠገብ ብታስቀምጡት ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ፉርትማይር በአንድ ገጽ ላይ የሞትንና የሕይወትን ዛፍ በአንድ ግንድ ሥሏል፤ በአንድ ወገን ሔዋን የሞትን ፍሬ ለሰዎች ታድላለች፣ በሌላው ወገን እመቤታችን ከዚያው ዛፍ ቅዱስ ቁርባኑን ቀጥፋ ታቀብላለች። የሰውነቱ ቅርጽ፣ የሣሩ ዝርዝር፣ የቀለሙ ጥልቀት አፍ ያስከፍታል። ይሁን እንጂ የፉርትማይር መጽሐፍ የአንድ ታላቅ ጳጳስ ክብር የሚታይበት፣ በመንበር ላይ የሚዘረጋ መጽሐፍ ነው። የመነኩሲቷ መጽሐፍ ሌላ ሥራ አለው፤ በዚያ ሥራ መመዘን ይገባዋል።

በባቫሪያ በአይሽቴት ከተማ ያለው የቅድስት ቫልቡርግ ገዳም ይህን በደንብ ያሳየናል። በ1500 ዓ.ም. ገደማ በዚያ የኖረች ስሟ ያልታወቀ መነኩሲት ጥቂት ትናንሽ ሥዕሎች ትታልናለች። ከእነርሱ በአንዱ ላይ ልብ እንደ ቤት ተሠርቶ፣ በውስጡ አንዲት መነኩሲት በሥላሴ ታቅፋ ተቀምጣ ትታያለች። የሰውነት አሳሳል ትምህርት ያልተማረች መሆኗ ግልጽ ነው። ግን «ወደዚያ ልብ ግቢ» ብላ ለእኅቷ የምታሳይበት መንገድ ይህ ነበር፤ ሥዕሉን የሚመለከት ሰው ራሱን በውስጡ ማስቀመጥ እንዲችል ፊቱ የማንም ፊት ያልሆነ፣ የሁሉም ፊት የሆነ መሆን ነበረበት። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ አጥብቄም እይዘዋለሁ።

እነዚህ ሥዕሎች በእርግጥ በእጅ የተያዙ፣ የተዳሰሱ፣ ያረጁ መሆናቸውን የሚመሰክር ግኝትም አለ። በ1953 ዓ.ም. ከሜዲንገን ብዙ በማይርቀው በቪንሃውዘን ገዳም፣ የመዘምራኑ ስፍራ ወለል ሲጠገን ጣውላዎቹ ተነሡ። ከሥራቸው በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ በጣውላዎቹ ስንጥቅ የሾለኩ ነገሮች ተገኙ፤ በብራናና በወረቀት የተሣሉ፣ ከመዳፍ የማይበልጡ የቅዱሳን ሥዕሎች፣ ለጽሕፈት የሚያገለግሉ ትናንሽ ዕቃዎች፣ እንዲሁም ከእንጨት የተሠሩ መነጽሮች። መነጽሮቹ ጆሮ ላይ የሚያርፍ እጀታ የላቸውም፤ ሁለቱ ክብ ክፈፎች በአንድ ችንካር ተያይዘው በአፍንጫ ላይ የሚቀመጡ ናቸው፣ በዓለም ላይ ከተረፉት መነጽሮች ሁሉ ጥንታውያኑ ከሚባሉትም ይቆጠራሉ። ዐይኗ የደከመ አንዲት አረጋዊት እናት በሌሊት ጸሎት መነጽሯ ከአፍንጫዋ ወድቆ በስንጥቁ ሲገባባት፣ በጨለማ እየዳበሰች ስትፈልገው ይታየኛል።

በመጻሕፍቱ ላይ ያለው የእጅ ምልክትም እንዲሁ ይናገራል። በመጽሐፈ ቅዳሴ ውስጥ የስቅለት ሥዕል ባለበት ገጽ ላይ ካህኑ ሥዕሉን ይሳለም ነበርና፣ በብዙ መጻሕፍት የጌታ እግር ወይም የመስቀሉ ሥር ቀለሙ ለቅቋል። ይህን ያወቁ ሠዓሊዎች ከትልቁ ሥዕል በታች በኅዳጉ ላይ አንድ ትንሽ መስቀል ለብቻው ይሥሉ ጀመር፤ ካህኑ እርሱን ይሳለም፣ ትልቁ ይተርፍ ብለው። በሌሎች መጻሕፍት ደግሞ ከሥዕሉ በላይ በብራናው ጫፍ የመርፌ ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ በእነዚያ ቀዳዳዎች የሐር መጋረጃ ተሰፍቶ ሥዕሉን ይሸፍን ነበር። በእኛም የብራና ወንጌሎች ሥዕሉን በጨርቅ መጋረድ የቆየ ልማድ ስለሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የተጋረደ ሥዕል ገጹ ስለተገለጠ ብቻ አይታይም፤ መጋረጃውን በእጅ ማንሣት ይጠይቃል።

ከገዳማቱ ውጭ ያለውን ዓለም ፈጠን ብዬ ልለፈው። በአልዛስ በሃገናው ከተማ ዲቦልት ላውበር የተባለ ሰው ከ1420ዎቹ ጀምሮ ለአርባ ዓመታት ያህል በጀርመንኛ የተጻፉ መጻሕፍትን፣ መጽሐፍ ቅዱስንም ጨምሮ፣ በወረቀት ላይ እያስጻፈና በፈጣን የብርዕ ሥዕል እያስጌጠ ይሸጥ ነበር። በጎቲንገን የሚጠበቅ ከ1450 ዓ.ም. ገደማ የተረፈ አንድ የሠዓሊ መማሪያ መጽሐፍ ደግሞ በኅዳግ ላይ የሚጠማዘዘው ቅጠል፣ ማለትም እኛ ሐረግ የምንለው ዓይነት ጌጥ፣ እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ ያሳያል፦ በመጀመሪያ ንድፉ፣ ቀጥሎ የመጀመሪያው ቀለም፣ ቀጥሎ ጥላው፣ በመጨረሻ ቅጠሉን የሚያነሣው ነጭ ጭረት። በዚህ መማሪያ ላይ ያሉት ቅጠሎች እዚያው ጎቲንገን ባለ፣ በአውሮፓ የፊደል ማተሚያን በጀመረው በጉተንበርግ በታተመ አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ኅዳግ ላይ ይገኛሉ። የታተመው መጽሐፍ በእጅ ተጊጧል ማለት ነው።

ይህ ነገር ብዙ ሰው ስለ ማተሚያ መሣሪያ ያለውን አሳብ ያስተካክላል። ጉተንበርግ በማይንዝ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ሲያትም ቀይ ርእሶችን በማሽኑ ለማውጣት ሞክሮ ተወው፤ ቀዩን፣ የመነሻ ፊደላቱንና ጌጡን ሁሉ ለእጅ ጸሐፊና ለሠዓሊ ባዶ ቦታ ትቶ ሰጠ። በፓሪስ በሚገኝ አንድ ቅጂ ላይ በማይንዝ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የነበረው ሃይንሪሽ ክሬመር በቀይ ማስመሩን፣ ማስጌጡንና መጠረዙን በነሐሴ 1456 ዓ.ም. እንደፈጸመ በገዛ እጁ ጽፏል፤ አንዱን ጥራዝ በ15ኛው፣ ሌላውን በ24ኛው ቀን። መጽሐፉ ያለዚህ ሥራ እንዳላለቀ የሚቆጥር ሰው የጻፈው ማስታወሻ ነው። በዚሁ በማይንዝ ወይም በአካባቢው፣ ከሚያዝያ 4 ቀን 1452 እስከ ሐምሌ 9 ቀን 1453 ዓ.ም. ድረስ፣ አንድ ጸሐፊ ግዙፍ መጽሐፍ ቅዱስ በብራና ላይ በእጁ ሲጽፍ ቆይቷል፤ ሁለቱ ሥራዎች በአንድ አየር ውስጥ ተሠሩ። ከሁለት ትውልድ በኋላ የኮሎኙ ካህን ዮሐንስ ፖትከን በሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግእዝ ተምሮ፣ በ1513 ዓ.ም. መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ፊደል አሳተመ። ለእኛ የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ ከዚህ የጀርመን የኅትመት ትውልድ እጅ መውጣቱን ሳስብ ርቀቱ ይቀንስብኛል።

በማተሚያው ላይ ሥጋታቸውን ከጻፉት መካከል የሽፖንሃይም ገዳም አበ ምኔት ዮሐንስ ትሪቴሚዩስ አለ። በ1492 ዓ.ም. ጸሐፊዎችን የሚያወድስ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ። በብራና የተጻፈ ሺህ ዓመት ይቆያል፣ በወረቀት የታተመ ግን ሁለት መቶ ዓመት ቢቆይ ብዙ ነው ይላል። ከሁለት ዓመት በኋላ ይህንኑ መጽሐፉን በማይንዝ አሳተመው። የኅትመት ጠላት አልነበረም። የፈራው ሌላ ነገር ነበር፤ መነኩሴው እጁን ከብርዕ ካነሣ ቃሉን በዝግታ የሚያስብበት ጊዜ ያጣል የሚል ነው። በየፊደሉ የሚቆም እጅ በየፊደሉ የሚቆም ልብ ያመጣል ብሎ ያምን ነበር፤ የሜዲንገን እናቶች ይህን መጽሐፍ ሳያነቡ ያደርጉት የነበረው ይህንኑ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ ከባድ ነው። የሉተር ተሐድሶ ኑረንበርግ ሲደርስ ከተማዋ በ1525 ዓ.ም. የካቶሊክ ሥርዓትን አስቀረች፤ የቅድስት ካታሪና እኅቶች አዲስ ሴት እንዳይቀበሉ ተከለከሉ። ከገዳማቸው አልወጡም፤ አንድ በአንድ እያለቁ የመጨረሻዋ በ1596 ዓ.ም. አረፈች፣ መጻሕፍቱም በከተማው እጅ ገቡ። ሜዲንገን አዲሱን እምነት እስከ 1554 ዓ.ም. ድረስ ሳትቀበል ቆየች፤ በኋላም የሉተራውያን ሴቶች ማኅበር ሆና እስከ ዛሬ አለች። በደቡብ ደግሞ በ1803 ዓ.ም. የገዳማት ንብረት በመንግሥት ሲወረስ ብዙ ሺህ መጻሕፍት በጋሪ እየተጫኑ ወደ ሙኒክና ወደ ሌሎች ከተሞች ተወሰዱ። ከዚያ መንገድ ላይ ሥዕሎቻቸው በመቀስ ተቆርጠው ለየብቻ የተሸጡ መጻሕፍት አሉ። ከዜማው የተለየች፣ በክፈፍ ውስጥ ያለች የተቆረጠች ፊደል በየቤተ መዘክሩ ባየሁ ቁጥር ታሳዝነኛለች፤ ቀሪው ገጽ የት እንዳለ ማንም የማይጠይቅላት ናትና።

ወደ ቪንሃውዘን ልመለስና ላብቃ። በዚያ ገዳም የጌታን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ትናንሽ ቅርጾች በበዓላት ቀን የሚያለብሱ ቀሚሶች ነበሩ፤ መነኮሳይቱ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ከሐርና ከሌላ ውድ ጨርቅ የሰፏቸው ናቸው። ቀሚሶቹ በዘመናችን ሲመረመሩ፣ ጨርቁ እንዲቆምና እንዳይታጠፍ ከውስጥ የተሰፋው ገበር ከብራና የተቆረጠ ቁራጭ ሆኖ ተገኘ። ብራናው ከአሮጌ የላቲን የጸሎት መጻሕፍት የወጣ ነው። ሥርዓቱ ሲለወጥ ቃላቸው በመዘምራኑ ስፍራ የማይነበብ የሆነ መጻሕፍት ነበሩ፤ መነኮሳይቱ በመቀስ በጠባብ በጠባቡ ቆርጠው፣ ፊደላቱና ቀይ ምልክቶቹ እንዳሉ፣ በሐሩ ውስጥ ሰፉአቸው። በበዓሉ ቀን ቀሚሱ ለእመቤታችን ቅርጽ ሲለበስ፣ የአሮጌው ጸሎት ቃላት ከሐሩ ሥር ከእንጨቱ ጋር ተጠግተው ይውሉ ነበር።